ጾም የማያስገድፍ መንጠቆ

ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። አሰገደች ራሷ ለእናቴ ነግራታለች፤ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ላውራችሁ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ባሕሩ አጠገብ ያለው ቡላኦስ ሰፈር። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሰው ከሙቀቱ ትንሽ የሚተነፍስበት ወቅት።

አሰገደች በሯ ላይ ተቀምጣ፣ ባሏ ረፋዱ ላይ አድርሶላት ወደ ሥራው የተመለሰውን ዓሣ ታጸዳለች። ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይህኛው እንዲጸና ብሎ ባሏ ወልደየሱስ የገና ጾም ከገባ ጀምሮ ዓሣ ያመጣላታል።

ወልደየሱስ የጨው ኩሬዎቹ በር ጠባቂ ነው። ባሕሩ ሲሞላ የእንጨቱን በር ከፍቶ ውሃ ያስገባል፤ ሲበቃ ይዘጋል። ዓሣው በሩ ሥር ይከማቻል። አንድ ፈረንጅ አለቃው መንጠቆ ላይ የዶሮ ላባ ጠምጥሞ፣ ዝንብ አስመስሎ ማጥመድን አስተምሮታል።

የመጀመሪያውን ዓሣ ሆድ ሰነጠቀች።

ጥቁር ነገር ተዘረገፈ...

ፀጉር ነው። ረጅም፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ከአንጀቱ ጋር የተጠላለፈ።

ሁለተኛውን ከፈተች። እሱም እንደዚያው...

ጎረቤቷ ጀዋሪያ ቆም ብላ ሳቀች።

«ባልሽ ዓሣ ነው የሚያመጣው ወይስ ሹሩባ?»

ጎንበስ ብላ በጣቷ አንሥታ አሸተተች። ሳቋ ጠፋ።

«አሰገደች... የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። ያንቺ የፀጉር ቅባት ነው።»

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ሳትሰናበት ሄደች።

አሰገደች እስከዛሬ ሆድ ዕቃውን ሳታስተውል እየጣለች የበላችው ዓሣ ሁሉ ትዝ አላት። ምላሷ ላይ የተጣበቀ ነገር ያለ መሰላት። ጣቷን ከትታ ፈለገች። ምንም የለም። እንደገና ፈለገች...

ወልደየሱስ ከሥራ ሲመለስ እያስመለሳት አገኛት።

«መንጠቆው ላይ ምንድን ነው የምታስረው?» አለችው በሹክሹክታ።

«ላባ ነበር። ጾም ሲገባ ተውኩት። የዶሮ ላባ የነካውን ዓሣ ላብላሽ እንዴ?»

«ታዲያ ምን አሰርክበት?»

ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ።

አሰገደች ስታበጥር የሚረግፈውን ፀጉር እንደ እናቷ በሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈዋለች። ማንም አግኝቶ መተት እንዳይሠራበት።

ስንጥቁ ባዶ ነው።

«ፀጉር አያስገድፍም ብዬ ነው» አለ። «ደግሞ እንዴት እንደሚወዱት ብታዪ...»

«የቀረውን አምጣልኝ።»

«አልቋል። የመጨረሻውን ዛሬ አንድ ትልቅ ዓሣ ክሩን በጥሶ ይዞት ሄደ።»

ያኔ አንድ ነገር ከኋላዋ ፀጉሯን ሳብ አደረገው።

«ተው!»

«ምኑን?»

ወልደየሱስ ከፊቷ ነው። ሁለቱም እጆቹ ይታያሉ።

እንደገና ሳባት። ሹሩባዋ ከማጅራቷ ተነሣ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ተወጠረ። ነፋሱ ግን ከባሕሩ ነው የሚመጣው።

«ቁረጠው... ወልዴ፣ ቶሎ ቁረጠው።»

ዓሣው በተሰነጠቀበት ቢላዋ፣ አንጀቱ ሳይጠረግ፣ ከሥሩ ቆረጠው። ሹሩባው አሸዋው ላይ ወደቀ። ትንሽ ተሳበ... ከዚያ ቆመ።

አሰገደች ራሷን ዳሰሰች። የሚስባት የለም። ባሏን አቅፋ አለቀሰች።

«አለፈ» አላት። «አለፈ፣ እመቤቴ።»

ድንገት ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ወልዴ...»

ወደ ታች አየ።

በቀሚሷ ሥር እምብርቷ ሾጠጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ተወጥሯል።

ቀስ ብሎ ላላ...

ተመልሶ ተሳበ። ወልደየሱስ ያንን አሳሳብ ያውቀዋል፤ መንጠቆ የነከሰው ዓሣ እስኪደክም ክሩን የሚያላላና የሚስብ እጅ እንዲያ ነው።