ግድግዳው ላይ የተፈለፈለው ጫጩት

መርማሪዋ የትምህርት ቤቱን በር ስታልፍ ርዕሰ መምህሩ እቅፍ አበባ ይዞ ተቀበላት።

«እንኳን ደህና መጡ! ከገምጋሚ እንግዶቻችን የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት። እኛ ዘንድ ተማሪ ዓለምን የሚያውቀው በወሬ አይደለም፤ በዓይኑ እያየ ነው። እሳተ ገሞራውን በሉት፣ ወደቡን በሉት፣ የሽመላውን ጎጆ በሉት፣ በኢንተርኔት ቀጥታ ካሜራ ግድግዳችን ላይ አምጥተን...»

«እኔ የመጣሁት ለሬሳው ነው» አለች መርማሪዋ።

አበባው ቁልቁል ወረደ። ሰውየው ፊቱን ከደስታ ወደ ሐዘን ለመቀየር ኮፍያ የማውለቅ ያህል እንኳ አልፈጀበትም። መርማሪዋ በሥራዋ ብዙ አልቃሽ አይታለች፤ አበባውን ለሟቹ ሳይሆን ለእንግዳ የያዘ ሲገጥማት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አዬ የእኛ ነገር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንግዶቹ ሊደርሱ ነውና ቶሎ ቢጨርሱልን... ደግሞ ገዳዩ ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«እኔ ነኛ!»

ሟቹ የጂኦግራፊ መምህሩ ነበር። በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ ከፊተኛው ጠረጴዛ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል፤ ጭንቅላቱን ያገኘው የዴስኩ የብረት ጠርዝ ነው። ሰውነቱ ደርቋል፤ ከሞተ ማደሩን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ጣሪያው ላይ ከተሰቀለው ፕሮጀክተር ሥር ሌላ ጠረጴዛ ተንጋዶ ቆሟል። መርማሪዋ አጎነበሰች። በጠረጴዛው አቧራ ላይ ሁለት የጫማ ዱካ ሙሉ ለሙሉ ይታያል፤ የመንሸራተት ምልክት የለውም። የጠረጴዛው እግሮች ግን ወለሉን ወደ በሩ አቅጣጫ ፍቀውታል፤ ጭረቱ ትኩስ ነው። መምህሩ አልወደቀም። የቆመበትን ከሥሩ ስበውበታል።

ኮምፒውተሩ እንደበራ አድሯል። ግድግዳው ላይ ግን ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ይታያል፤ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የሽመላውን ጎጆ የሚያሳየውን ካሜራ ምስል ወደ ትናንት መለሰችና አየት አደረገች፤ ደግማ አየች። ከዚያ እንደነበረ ተወችው።

ክፍሉ ጠዋት የተገኘው ከውጭ ተቆልፎ ነው። ቁልፉ ያለው ሦስት ሰው ዘንድ ነው፦ ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትሏና ገመድና ኮምፒውተር የሚጠግነው ሠራተኛ። ግቢው ሁሉ የሚጠራው «ባለ ገመዱ» እያለ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ያስያዘው ባለ ገመዱ እጁ በካቴና ታስሮ፣ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ባለቤቴ ዛሬ ነገ ትወልዳለች» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ጣቢያ ከወሰዱኝ ማን አላት? እናት የላት፣ እህት የላት።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይላሉ።»

«ገመዴን እየረገጠ ሲያስቸግረኝ እጮህበት ነበር። ለገመድ ተብሎ ሰው ይገደላል?»

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ማን ይመስክርልህ ካሉኝ፣ ያቺው ሚስቴ ናት።»

ምክትሏ ቢሮዋ ውስጥ ከንፈሯን ትቀባ ነበር።

«እኔ እዚያ ክፍል ዝርም ብዬ አላውቅ» አለች። «ሲኒማ ቤት አድርጎት የለ እንዴ! ሟቹ ጥሩ ሰው ነበር፤ አፉ ግን አያርፍም። ትናንት መምህራን ክፍል ውስጥ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ፕሮግራሙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ እያለ ሽልማት የሚቀበል ሰው፣ ነገ እንግዶቹ ፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምርበት›። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።»

«ርዕሰ መምህሩም ሳቀ?»

«እሱማ ከሁሉም በላይ ሳቀ።»

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የራሱ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት ግን ዋንጫዎች ናቸው።

«መምህሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ጠዋት። ከክፍሉ ኋላ ቆሜ ትምህርቱን ተከታተልኩ። ሁልጊዜም እከታተላለሁ፤ ይህ ፕሮግራም እንደ ልጄ ነው። እንዲያውም ሦስተኛው ጫጩት እንቁላሉን ሰብሮ ሲወጣ ደረስኩ። ፀሐይዋ ፏ ብላበት! ያ ግድግዳ ስንጥቅ አለበት አይደል? የተሰነጠቀው እንቁላሉ ይሁን ግድግዳው መለየት አቅቶኝ ሳቅሁ። ልጆቹ አጨበጨቡ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ዳግመኛ አላየሁትም። ማታ ቤቴ ነበርኩ። ከገበታ በኋላ ወዲያው ተኛሁ።»

ሰው ሲዋሽ ጌጥ ያበዛል፤ ይኸኛው ደግሞ ጌጥ ሲያበዛ የኖረ ሰው ነው። መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ወደዚያው ክፍል ጠራቻቸው። ባለ ገመዱ ከፖሊሱ ጎን ቆመ፤ ምክትሏ በሩ ላይ ቀረች። ርዕሰ መምህሩ ገና ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ ጮኸ።

«ይኸው! ይህንንም ባለ ገመዱ አበላሽቶታል! እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ!»

«ምኑ ነው የተበላሸው?» አለች መርማሪዋ።

«አያዩትም እንዴ? ጨልሟል!»

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ አይሆንም?»

«ምን ማለትዎ ነው! ጠዋት ጠዋትማ እንደ መስተዋት ነው የሚታየው።»

ባለ ገመዱ በካቴናው ውስጥ ሆኖ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«አልተበላሸም» አለች መርማሪዋ። «እዚያ ሌሊት ነው። የሽመላው ጎጆ ያለው ከእኛ ማዶ፣ በምድር ጀርባ ነው። እዚህ ሲነጋ እዚያ ይመሻል። ሟቹ ይህን ጎጆ የመረጠው ለዚሁ ነው፤ ልጆቹ ጠዋት ጨለማውን ያዩና ለምን እንደሆነ ይጠይቁታል። ትምህርቱ ያ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ከኋላ የቆመ ሰው ይህን አይስተውም።»

ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ከግድግዳው ነቅሎ ወደ በሩ አየ።

«ትናንት ጠዋትም እንዲሁ ጨለማ ነበር። ምስሉን ወደ ኋላ መልሼ አይቻለሁ። ሦስተኛው እንቁላል የተፈለፈለው እዚያ ፀሐይ ስትወጣ፣ እዚህ ስትጠልቅ ነው። ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ። ያጨበጨበ ልጅ አልነበረም።»

«ታዲያ... ታዲያ በስልኬ አይቼው ይሆናል! ቤቴ ሆኜ!»

«ስልክዎ ላይ የተሰነጠቀ ግድግዳ አለ?»

ሊያወጣው የጀመረውን ስልክ ወደ ኪሱ መለሰ።

«ማታ እዚህ ነበሩ» አለች። «‹እንግዶቹ ፊት አስተምር አትበለኝ፣ አታጋልጠኝ› ሊሉት መጡ ልበል፣ ወይስ ለመቆጣት? እሱን እርስዎ ያውቃሉ። መምህሩ ለእንግዶቹ ምስሉ ዝቅ እንዲል ፕሮጀክተሩን ለማስተካከል ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ነበር። እምቢ አለዎት። ጠረጴዛውን ሳቡት። ከዚያ በሩን ቆለፉና ጠዋት ቁልፍ ያለው ድሃ ፈለጉ።»

«ሳቀብኝ» አለ ርዕሰ መምህሩ በቀጭን ድምፅ። «ጫጩቷን እያሳየኝ፣ ‹ይህች እንኳ በራሷ ጥረት ነው የወጣችው› አለኝ። እንዲሞት አላሰብኩም።»

«ሐኪም ለመጥራትም አላሰቡም።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ምክትሏ አሁን ገና ሊፕስቲኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እኔስ ጠርጥሬ ነበር» አለች።

ፖሊሱ ካቴናውን ከባለ ገመዱ እጅ ፈታና ለርዕሰ መምህሩ አሰረለት። እንግዶቹ በር ላይ ደርሰው ስለነበር በጓሮ በኩል አስወጡት። ባለ ገመዱ ፕሮጀክተሩን አጠፋ፤ ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ለመርማሪዋ ሰጣትና ወደ ሚስቱ ሄደ።