ወንዙ ውስጥ የጠፋችው ሞተር

ጠጋ ጠጋ በሉ። ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፣ ጋዙ ይቆጠብ። ከመሃላችሁ ሞተር ሳይክል የሚነዳ አለ? ካለ አጠገቤ ይቀመጥ፤ ነገሩ ይበልጥ የሚመለከተው እሱን ነው።

ድሮ ነው። የት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ መንደሩ ዛሬም አለ፣ ሰዎቹም ይህ ነገር ሲነሳ ደስ አይላቸውም። በዚያ አካባቢ ይርሳው የሚባል የከብት ሐኪም ነበር። ለአገሩ አዲስ ነው። መሥሪያ ቤቱ አንዲት አሮጌ ቀይ ሞተር ሰጥቶታል። ቀይ ነበረች ለማለት ነው። ጠዋት ስትነሳ ታስላለች፣ ቀትር ላይ ደህና ትሆናለች፣ ሲመሽ ታኮርፋለች።

አንድ ቀን ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አቶ ተገኝ የሚባሉ ገበሬ በገበያተኛ መልእክት ላኩበት። ላማቸው ምጥ ላይ ናት። ጥጃው በኋላ እግሩ መጥቶ ተቀርቅሯል። ያለቻቸው ላም እሷ ብቻ ናት፤ ልጆቹ የሚጠጡት የእሷን ወተት ነው። ይርሳው ቦርሳውን አነገተ፣ ሞተሯን ረገጠ፣ ተነሳች። ሄደ።

መንገዱን ታውቁታላችሁ? አታውቁትም። በባሕር ዛፉ መሃል ይወርዳል። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ወንዝ ነው። ድልድይ የለም። በዚያ ሰሞን ውሃም የለም፤ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። ማዶ ዳገቱን ሲወጡ የአቶ ተገኝ ቤት ነው። እስከዚያ ድረስ በግራ ቤት የለም። በቀኝም ቤት የለም።

ይርሳው ወንዙ ጋ ሲደርስ ጨልሟል። ጨረቃ የለችም። ከተራራው በኩል ሰማዩ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። ወደ አሸዋው ገባ። ድንጋዩ አንገጫገጨው። መሃል ላይ ሲደርስ ሞተሯ ጠፋች።

መብራቷም አብሮ ጠፋ። የድሮ ሞተር እንዲህ ናት፤ እሷ ስትጠፋ መብራቷም ይጠፋል።

ረገጠ። የለም። ረገጠ። የለም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትታችሁ በእግራችሁ ትሄዳላችሁ? እንግዲያው ከይርሳው ትሻላላችሁ። እሱ ያን ከባድ ቦርሳ ተሸክሜ ዳገቱን በእግሬ ከወጣሁ ላሚቱ አትጠብቀኝም አለ። ተንበረከከና በዳበሳ ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት ሰጪ፣ ፈታ። በጣቱ ነካው። እርጥብ ነው።

«ቤንዚን አላት?» አለ አንድ ድምፅ።

ይርሳው ደነገጠ። ቀጥሎ ግን ተናደደ። ሞተር ቆሞበት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የሚደርስ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

«አላት።»

«የቤንዚኑን ቧንቧ ከፍተሃል?»

«ከፍቻለሁ። ካንዴላውም ረጥቧል፣ ቤንዚን ይደርሳል። እሳት ነው የሌላት።»

«ካንዴላውን ቀይረዋ።»

ድምፁ የሚመጣው ከመሪው ማዶ ነው። ሰውዬው አይታይም። የጎልማሳ ድምፅ ነው፣ ብርድ የመታው ዓይነት።

«እንዴት አመሸህ ወንድሜ» አለ ይርሳው፣ ሰላምታው መዘግየቱ ነውር መስሎት። «ማን ልበል?»

«ባንተአየሁ።»

«ከዚሁ ነህ?»

«ከዚሁ ነኝ።»

ይርሳው ከቦርሳው አዲስ ካንዴላ አውጥቶ ሽቦው ላይ ሰካው። «እባክህ ብረቱ ላይ አስጠግተህ ያዝልኝ፣ እኔ ልርገጥ» አለ። ሰውዬው ያዘ። ይርሳው ረገጠ። እሳት የለም።

«እንግዲያው ካንዴላው አይደለም» አለ ይርሳው።

«ካንዴላው ነው።»

«አዲስ ነው እኮ!»

«እኔ ካንዴላው ነው ስል ነው የኖርኩት» አለ ባንተአየሁ።

ይርሳው ካንዴላውን ነቅሎ ሽቦውን ብቻ ሰጠው። «ጫፉን እንዳትነካ። ከብረቱ ትንሽ አርቀህ ያዘው፣ ይነዝራል።»

ረገጠ። የለም። እንደገና ሲረግጥ ሚዛኑን ሳተና መሪውን በጉልበቱ ገፋው። መሪው ወደ ቀኝ ዞረ። ያን ጊዜ ጣ! አለ። ሰማያዊ እሳት።

እሳቱ ግን የዘለለው ብረቱ ላይ አይደለም። የሰውዬው ጣት ላይ ነው። ሰውዬው «እህ» እንኳ አላለም። እጁን አልሰበሰበም።

«አልነዘረህም?»

«ምኑ?»

በዚያች ብልጭታ ይርሳው ጣቶቹን አይቷል። ነጭ ናቸው፤ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ተጨማደዋል።   ላሚቱ ግን እየጠበቀችው ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ ረገጠ። ጣ! እጅጌውን አየ። ካኪ ነው፤ ውሃ ይንጠባጠብበታል። ዝናብ ግን አልዘነበም። መሪውን አቅንቶ ረገጠ። ጨለማ። ወደ ቀኝ መልሶ ረገጠ። ጣ! ፊቱን አየ።

ዓይኑ ክፍት ነው። አሸዋ ሞልቶበታል። አይርገበገብም።

ልሩጥ አለ ይርሳው በልቡ። እግሩ እንቢ አለው። እጁ ግን ሥራውን አላቆመም። በታንኩ ሥር፣ መሪው የሚዞርበት አንገት ጋ ዳበሰ። ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ ላስቲኩ ተልጦ አገኘው። መሪው ሲቃና ሽቦው ብረቱን ይነካል። ብረቱን ሲነካ ቁልፉን የዘጉት ያህል ነው፤ እሳት አይኖርም።

«አገኘኸው?» አለ ድምፁ። አሁን ከመሪው ማዶ አይደለም። ከጆሮው ሥር ነው።

«ሽቦ ነው» አለ ይርሳው። «የቁልፉ ሽቦ ተልጦ ነው።»

ባንተአየሁ መልሶ ጠየቀው። 

«ሽቦ ነው?»

«ሽቦ ነው።»

«እኔ ካንዴላውን ስፈታ፣ ስጠርግ፣ ስገጥም ነው እኮ ውሃው የመጣው» አለ። አልተቆጣም። እንዲሁ ነው የተናገረው።

ያን ጊዜ ከላይ በኩል አንድ ነገር ተሰማ። ብዙ በሬ በጠጠር ላይ ሲነዳ ይመስላል። ተራራው ላይ ዘንቦ ነበር። ደራሽ ውሃ! ይርሳው ከቦርሳው መቀስ አውጥቶ ያን ሽቦ ቆረጠው፤ ከተቆረጠ እሳቱን የሚያጠፋ የለም። ካንዴላውን ለመግጠም ተጣደፈ። የካንዴላው ጥርስ አልገባ አለው፤ መልሶ ፈታው፣ እንደገና ገጠመ።

«እንግዲህ የእኔን እንያት» አለ ባንተአየሁ።

«የት ናት?»

«ቆመህባታል።»

ይርሳው አንድ እግሩን ከአሸዋው ላይ አነሳ። የት ያሳርፈው?

«ነገ» አለ። «ነገ በጠዋት መጥቼ አያታለሁ።»

«ነገ ያለኝ ሁሉ አልመጣም።»

«እኔ እመጣለሁ! እናቴ ትሙት!»

ረገጠ። ተነሳች። መብራቱ ቦግ አለ። ከፊቱ ማንም የለም። አሸዋው ላይ ያለው የአንድ ሰው ዱካ ነው፤ እሱም የራሱ ነው። ዳገቱን ሲይዝ ውሃው ግንዱንም ድንጋዩንም እየነዳ ከኋላው አለፈ።

አቶ ተገኝ ቤት ደረሰ። እጅጌውን ሰብስቦ ታገለ። ጥጃው ወጣ፣ ተነፈሰ። ላሚቱም ተረፈች። እጁን ሲያስታጥቡት «አቶ ተገኝ፣ ባንተአየሁ የሚባል ሰው ያውቃሉ?» አላቸው።

አቶ ተገኝ ውሃውን ማፍሰስ አቆሙ።

«የወባ መድኃኒት ረጪው? ስሙን ማን ነገረዎት ዶክተር? እሱን ደራሽ ከነሞተሩ ከወሰደው ስንት ዘመኑ! ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ሚስቱ ከእኛ ቤት ጀርባ ናት።»

ይርሳው ያን ሌሊት አልተኛም። ሲነጋ ለአቶ ተገኝ ምንም ሳይሸሽግ ነገራቸው። አልሳቁበትም። ጎረቤት ጠርተው፣ አካፋና ዶማ ይዘው አብረውት ወረዱ። ውሃው ጎድሏል፤ አሸዋውን ጠርጎት ኖሮ የሞተር መሪ ብቅ ብሏል። ቆፈሩ። ሞተሯ ወጣች፤ ዝጋለች፣ አሸዋ ሞልቷታል። ከሥሯ ባንተአየሁ ወጣ። አጥንቱ። የእጁ አጥንት ካንዴላውን እንደጨበጠ ነው።

ሰዎቹ አጥንቱን በጋቢ ሰበሰቡ። ይርሳው የዛገችው ሞተር አጠገብ ተንበርክኮ በመሪዋ አንገት ሥር ዳበሰ። ሽቦው አለ። ተልጧል። በመቀሱ ቆረጠው።

«ምን እያደረጉ ነው ዶክተር?» አሉት።

«ቃል ገብቼ ነው።»

አጥንቱን ተሸክመው ዳገቱን ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላቸው አንድ ነገር ሰሙ። ምን ሰሙ መሰላችሁ?

ዱፍ።

ማንም አልዞረም።

ዱፍ። ዱፍ። ዱፍ ዱፍ ዱፍ ዱፍ!

አሸዋ የሞላባት፣ ካንዴላ የሌላት ሞተር ተነሳች። ማርሽ ሲገባላት ሰሙ። በመሃላቸው አለፈች። ነፋሷ ጋቢያቸውን አነሳው፣ ቤንዚን ሸተታቸው፤ ያዩት ነገር ግን የለም። አቧራው ላይ እርጥብ የጎማ ዱካ ብቻ ቀረ።

ዱካውን ተከተሉ። ምን ያድርጉ፣ መንገዳቸው እሱ ነው። ዱካው ዳገቱን ወጣ፣ በአቶ ተገኝ ቤት ጀርባ ዞረ፣ የባንተአየሁ ሚስት ደጃፍ ደረሰ። የተመለሰበት የለም።

ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ገና ማንም ምንም አልነገራትም። ሰዎቹን አየች፣ የተሸከሙትን ጋቢ አየች።

«ምነው ተሰብስባችሁ መጣችሁ?» አለች። «እሱን ፈልጋችሁ እንደሆነ አሁን ገባ። ሽቦ ነበር አለኝ።»