ማሃድን የሰደብኩት በሰው ፊት ነው

ጅጅጋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ አብረን እንሠራ ነበር፤ እኔ የቡድን መሪ፣ ማሃድ አዲስ ገቢ። ለሽንሌና ለደምበል የእንስሳት ሐኪሞች የስልክ መተግበሪያ እየሠራን ነው። ከስክሪኑ ቀና ስንል ዓይን ለዓይን እንጋጫለን፤ ሁለታችንም ወዲያው እናቀረቅራለን። እንደምወደው አውቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ስብሰባ ላይ ማሃድ እጁን አነሳ።

«ኢክላስ፣ የክትባቱን ዝርዝር ኮዱ ላይ ፋይናል፣ አይተካም ብንለውም፣ መዝገቡን የሚፈጥረው ኮንስትራክተርም ኮንስት፣ ማለትም ቋሚ ቢሆን፣ ስንጠራው ደግመን ኮንስት ካላልን የዝርዝሩ ውስጥ ይለወጣል። ሞክሬ አይቻለሁ።»

«ፋይናል ከተባለ አይነካም! ትናንት ከአዲጋላ መጥተህ ዛሬ ልታስተምረኝ ነው?»

ሰው ሳቀ። ያንን ለማሳየት የጻፈውን የሙከራ ኮድ እዚያው አጠፋሁት።

«እሺ፣ እህቴ» አለኝ። ከዚያ በፊት እህቴ ብሎኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ደምበል ላይ አንድ ሐኪም ለፍየሎች የጨመረው ክትባት ከግመሎቹም ዝርዝር ገብቶ ተገኘ፤ ማሃድ እንዳለው ዝርዝሩ ተለውጦ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ናስትሆ «ይህን የሠራ ማን ነው?» ሲሉ ሁሉም ወደ አዲሱ ልጅ ዞረ። እኔ ዝም አልኩ። እሱም አላጋለጠኝም። ውሉ እንደማይታደስ ተነገረው።

ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ወርጄ አዲስ ሽርጥ ገዛሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ያስቀየመ ሐል ይዞ ይሄዳል፤ ካሣም ነው፣ ይቅርታም ነው። ቤቱ ላደርስለት አስቤ ነበር። ግን የሰደብኩት በሰው ፊት ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወይዘሮ ናስትሆም ሁሉም ባሉበት ስብሰባ መሃል ሽርጡን ይዤ ተነሳሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ማሃድ ነግሮኝ ነበር፤ ሙከራውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁም ዝም አልኩ። ማሃድ፣ ሐሌን ተቀበለኝ።»

ሽርጡን ጠረጴዛው ላይ ፊቱ አኖርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«ማሃድ የትም አይሄድም። ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን የሚመራው እሱ ነው» አሉ ወይዘሮ ናስትሆ። መሪነቱን ማጣቴ ይገባኛል።

ማሃድ ሽርጡን አልነካም። ላፕቶፑን ከፍቶ ሙከራውን እንደገና ጻፈና አስኬደው። ዝርዝሩ ተለወጠ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ሌላ ሰው ቢሰድበኝ ኖሮ ማታውኑ እረሳው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሽርጡን አነሳ። «ሐሉን ተቀብያለሁ፣ ኢክላስ። አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ የምልክ ቀን እለብሰዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከሃፍረቴ የተነሳ እንዳቀረቀርኩ ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።