አፍልቼው ነበር

የሒሳብ መምህሩ በተራራው ማረፊያ ቤት፣ ግድግዳ ጥግ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ባዶ ፔርሙዝ ቆሟል። ሰውየው ውሃ የሚፈራ ነበር፤ ካልፈላ በቀር ጠብታ በአፉ አይዞርም። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው።

መርማሪዋ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ነገር የማያስቸኩላት ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው የጉዞ ጓደኛውን ፋርማሲስቱን ነው።

«ሌሎቻችሁ ምን ጠጣችሁ?»

«የወንዙን። የውሃ ማከሚያ እንክብል ጨምሬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እሱ ግን ‹መድኃኒት መድኃኒት ይላል› ብሎ እምቢ አለ።» ላቡን ጠረገ። «እኔን ነው የሚጠረጥሩት አይደል?»

«እንክብልዎን አልቀመሰማ፤ ምን አጠፉ?»

ነርሷ እህቱ ዓይኗ አብጧል። «ለብቻው ያፈላሁለት እኔ ነኝ። ከምንጩ፣ ኩልል ያለ ውሃ ቀድቼ። እዚያ ያለው ሰሌዳ ራሱ ‹ይጠጣ› ይላል! አሥር ደቂቃ ሙሉ ተንተክትኳል። ማን ምን ጨመረበት? የወንድሜን ገዳይ ሳላውቅ ከዚህ ተራራ አልወርድም።»

መርማሪዋ ወደ ምንጩ ወረደች። ዳሩ ላይ ሣር የለም፤ እንቁራሪት የለም፤ ትንኝ እንኳ አትዞርበትም። ከበላዩ የተተወ የማዕድን ጉድጓድ አለ። ከቋጥኝ ጥላ ሥር የተቸነከረው ሰሌዳ «ይጠጣ» ይላል። ሁለቱም ጫፎቹ ተሰብረዋል፤ ስብራቱ ገና ነጭ ነው። ተመልሳ የምድጃውን አመድ በረበረች።

ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ሽማግሌውን መንገድ መሪም ጭምር።

«ማፍላት ጀርም ይገድላል። የማዕድን መርዝ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ያ ውሃ ኩልል ያለው ነፍስ ያለው ነገር ስለማይኖርበት ነው።» ከኪሷ የከሰለ ቁራጭ እንጨት አወጣች፤ «ም» ተጽፎበታል። «ይህን ከአመዱ ውስጥ አገኘሁት። ሰሌዳው ‹አይጠጣም› ይል ነበር። አባባ፣ ማን ሰበረው?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሌሊቱን ዘንቦ እንጨት ሁሉ ርሷል። እሷ ደግሞ ‹ለወንድሜ ውሃ የማፈላበት እሳት› ብላ ለመነችኝ። ደረቅ ያገኘሁት እሱን ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያ ውሃ እንደማይጠጣ ደግሞ እዚህ ሕፃንም ያውቃል። ከዚያ ትቀዳለች ብዬ መች አሰብኩ?»

መርማሪዋ ቁራጩን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ገዳይ ፍለጋ መጥታ ያገኘችው ሁለት ደግ ሰው ነው። እነሱን ምን ታድርጋቸው?

እህትየው ባዶውን ፔርሙዝ አንስታ አቀፈችው።

«ሁለተኛውን ኩባያ በቃኝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ጠጣ፣ ጠጣ እያልኩ ያስጨረስኩት እኔ ነኝ።»