ያልተጻፈው ቀጠሮ

«ጽፌው ነበር እኮ» አለ ዘረሰናይ እንደገና።

«መጻፉንማ ጽፈሃል። አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ከነሙሉ ልብሱ ሳሎን ተቀምጦ ሲጠብቅ ግን ጽሑፍህ መጥቶ በር አላንኳኳም» አለችው ሩሃማ።

እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፍ መሐል ካለው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ልታረቃት ብሎ ያመጣት እሱ ነው። ሩሃማ ግን ዳገቱን በወጣች ቁጥር ንዴቷ አብሯት ወጣ።

ዘረሰናይ መገናኛ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋል። የራሱን ጉዳይ ሁሉ የሚያኖረው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዳይ ጎን ቀን ያሰፍራል፤ አንድ ፕሮግራምም ጠዋት ጠዋት ከፋይሉ የዕለቱን ለይቶ ያወጣለታል። የተዋወቁትም በዚሁ ሰበብ ነበር። ከአያት በሚመጣው ባቡር አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ፣ ሳታስበው ዓይኗ «ጃንጥላ መግዛት» የሚል መስመር ላይ አረፈ። ቀኑ ካለፈ ወራት ሆኖታል። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

«ዛሬም አልተገዛም ማለት ነው» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። መልስ እስኪያገኝ ድረስ ባቡሩ ሁለት ፌርማታ አለፈ። ያን ዝምታውን ነበር የወደደችለት።

አሁን ዝምታው አቃጠላት። ስህተቱን ሲያስረዳት ደግሞ ባሰባት። ፋይሉ ላይ ቀን የሚጻፈው በሁለት መንገድ ነው አላት፤ «ማብቂያ» ተብሎ የተጻፈው ቀደም ብሎ ማስታወስ ይጀምራል፣ «ቀጠሮ» ተብሎ የተጻፈው ግን በዕለቱ ጠዋት ብቻ ብቅ ይላል። እሱ ሽማግሌ የመላኩን ነገር ቀጠሮ ብሎ ጻፈና አረፈ። እሁድ ጠዋት ፋይሉ ሲነግረው አጎቱ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ለሠርግ ቢሾፍቱ ሄደዋል፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጭራሽ አልተነገራቸውም።

«ከአሁን በኋላ ማብቂያ አደርገዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ያንቺን ጉዳይ።»

ሩሃማ ሳቅ አፈናት፤ ዋጠችው። «ስማኝ ዘሩ። አባዬን ለምኜ ሌላ እሁድ አስፈቅዳለሁ። ይኼኛውን ግን አትጻፈው።»

«ብረሳውስ?»

«ከረሳኸው ረሳኸው። እኔም አንተ ዘንድ ያለኝን ልክ አውቃለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። እሷ ቀድማ፣ እሱ ተከትሏት ቁልቁለቱን ወረዱ።

አባቷ አቶ ገበየሁ በቀላሉ አልተመለሱም። በጎረቤት ፊት ተዋረድኩ አሉ፤ የተሠራው ወጥ ለሰፈር መታደሉን ደጋግመው አነሡ። በመጨረሻ «ላንቺ ስል ነው፤ ሦስተኛ የለም» ብለው ፈቀዱላት።

የፊታችን እሁድ መሆኑን ለዘረሰናይ አንዴ ነገረችው፤ ያ ሳምንት ግን አልገፋ አላት። ዘረሰናይ በየቀኑ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ ይጠብቃታል። ስለ ቀጠሮው ግን እሱም አያነሣ፣ እሷም አትጠይቅ። ፍንጭ እንዳይወጣት ስትጠነቀቅ «እሁድ» የሚለውን ቃል እንኳ ፈራችው። ቅዳሜ ማታ ልትደውልለት ስልኳን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። በራሷ ግትርነት ተናደደች፤ በእሱ ግን የበለጠ።

እሁድ ጠዋት ያካፋ ነበር። ሲግናል ሰፈር ያለው የነሩሃማ ቤት በር በጊዜው ተንኳኳ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ገብተው ቆሙ፤ አቶ ገበየሁም እንደ ደንቡ ተቀመጡ ሳይሉ ትንሽ አቆዩአቸው። ሩሃማ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ታዳምጣለች።

«ባለፈው ጠብቀናችሁ ነበር» አሉ አባቷ።

«ጥፋት አለብን» አሉ አቶ ኃይለጊዮርጊስ። «ቅጣታችንን ግን ተቀብለናል። ይኼ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ በየጠዋቱ እየደወለ ‹እሁድን አልረሱም አይደል?› ሲለን ሰነበተ። ዛሬማ ጎህ ሳይቀድ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ምነው፣ ያ ፋይልህ የት ሄደ ብለው፣ ‹ይህን እንዳትጽፍ ተብያለሁ› አለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሩሃማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በጓዳው መስኮት በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ ሱቁ አጠገብ፣ ዘረሰናይ በአንድ ጥቁር ጃንጥላ ሥር ቆሞ ይታያል። የዋጋ ወረቀቱ ገና ከጫፉ አልተቆረጠም።

አቶ ገበየሁ ግን ሴት ልጅ የሚድሩ አባት ናቸው፤ ደንቡን አይለቁም። ዘመድ ሳላማክር መልስ አልሰጥም፣ ሌላ ቀጠሮ ይያዝ አሉ። ሩሃማ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። የሚቀጥለው እሁድ ይሁን ሲባል አንደኛው ሽማግሌ የሙት ዓመት አለብኝ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሲባል አባቷ እሱን ተዉት አሉ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቀን ያገላብጥ ጀመር።

የሩሃማ ጃንጥላ ከጓዳው በር ጀርባ ተሰቅሏል። ሳትነካው አልፋ ወጣች።

«አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፤ ማኅበር አለብኝ» ይሉ ነበር አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ የግቢው በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ።