በኮሪደሩ መጨረሻ

ኬሚስቷ የምትሠራው በቤተ ሙከራው ኮሪደር መጨረሻ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። የምትሠራበት ማሽን ሲነሳ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል ብለው ባልደረቦቿ እሷንም ማሽኑንም አንድ ላይ ወደዚያ ገፏቸው። ቀኑን ሙሉ በሯን የሚያንኳኳ አይገኝም።

ሥራዋ ለፕላስቲክ የሚሆኑ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶችን ማሳደግ ነው። ከማሽኑ ጩኸት ጋር የሚወጣው፣ ጆሮ የማይሰማው ቀጭን የድምፅ ሞገድ በጠርሙስ ውስጥ ያለውን መዳብ ይቀሰቅሰዋል፤ መዳቡም ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት ያስረዝመዋል። ሞገዱ ሲቋረጥ እድገቱም ቀጥ ማለት ነበረበት። የእሷ ግን አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ እየወጣ ልቧን አደረቀው።

በዚህ መሀል የድምፅ ሞገድ የሚያጠና የፊዚክስ ሰው እንዲያግዛት ተላከ። ከአፉ ቃል ስለማይወጣ «ድምፅ አልባው የድምፅ ባለሙያ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሷም መጀመሪያ ኩሩ መስሏት ነበር። ኋላ ግን ሳትጠይቀው ወንበሯን ከጩኸቱ ራቅ እንደሚያደርግላት አስተዋለች። ሞገዱን እያለዘቡ፣ መዳቡን እየቀነሱ ወራት ለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት ሰንሰለቶቹ እኩል ሆነው ወጡ። እሷ ውጤቱን ስታይ እሱ እሷን ያይ ነበር። ቀና ስትልም ዓይኑን አልሰበረም።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ቤቷ ይመጣ ጀመር። እናቷ ከሞቱ ወዲህ፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸውን አባቷን የምታስታምመው እሷ ብቻ ነበረች። እሱ ደግፎ በረንዳ ላይ ያወጣቸዋል፣ ጢማቸውን ይላጫቸዋል። እሳቸውም «ልጄ» ይሉት ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ባሕር ማዶ ሥራ አገኘ። አብረን እንሂድ አላት። አባቷን ለማን ጥላ እንደምትሄድ ጠየቀችው።

«እንግዲያው እጠብቅሻለሁ» አላት።

«አትጠብቀኝ።»

«ለምን?»

«አንተ እኔን ስትጠብቅ፣ እኔ የአባቴን ሞት ልጠብቅ ነው?»

በሳምንቱ ሄደ።

አባቷ በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ለማጽናናት የመጣው ሰው ሲበተን፣ ስንት ጊዜ ልትደውል አስባ የተወችውን ቁጥር ደወለች። የአባቷን መሞት ስትነግረው እንደ ልጅ አለቀሰላቸው። ከዚያም አምና ማግባቱን ሳይሸሽግ ነገራት።

«ደግ ናት?» አለችው።

«ደግ ናት።»

«እሰይ» አለች። ከልቧ ነበር።

በማግስቱ ሥራዋን ጨርሳ እንደ ወትሮዋ እየተጣደፈች ወጣች። ሰፈሯ መታጠፊያ ስትደርስ ግን የምትቸኩልለት ሰው እንደሌለ ትዝ አላት። መንገደኛው ግራና ቀኝ እያለፋት፣ አድራሻ እንደጠፋው እንግዳ እዚያው ቆማ ቀረች።