ሁለተኛዋ ብልቃጥ

የዶክተር ኦርቪል ብራንት ጭንቅላት በጋዝ በርሜል መፍቻ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ተሰንጥቋል። መስኮት በሌለው የናሙና ክፍል ውስጥ ከመደርደሪያው እስከ በሩ ድረስ ደም ተጎትቷል፤ የበሩ ታችኛው ጠርዝ በጥፍር ተቧጭሯል። ቅዳሜ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ያገኘው የማቀዝቀዣዎቹ ጠባቂ ሮስኮ ቲልማን ነው። ፖሊስ ሲደርስ ሬሳው ገና ትኩስ ነበር፤ የሮስኮ እጅም እስከ ክርኑ ደም ለብሷል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሮስኮ ሟቹን ሰው ሁሉ እየሰማ «አናትህን ነው የምፈረክስልህ!» ብሎት ነበር። ሳጅኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ ካቴናውን አጠለቀለት፤ እጁንም እንዳይታጠብ ከለከለው።

መርማሪ ማርሊስ ክረንዝ ግን በሚልዎኪ ፖሊስ ቤት የታወቀች ነገር መርማሪ ናት። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ልቧ ውስጥ የጠበበ ቧንቧ የሚያሰፋ ሁለት ስቴንት አለ፤ የቸኮለ ሰው አይጥማትም።

«ለምን ዛትክበት?» አለችው ሮስኮን።

«ማቀዝቀዣው ተከፍቶ አደረ ብሎ በእኔ አላከከ፤ ተናደድኩ። አፌ እንጂ እጄ ሰው አይነካም፣ እመቤቴ። የተቆለፈውን በር ስከፍት እግሬ ላይ ወደቀ። እቅፌ ውስጥ ነው ነፍሱ የወጣችው። አንዴ ታስሬ ወጥቻለሁ፤ አሁን ከገባሁ ሬሳዬ ነው የሚወጣው።»

የላቦራቶሪው አለቃ ዶክተር ፕሬስኮት ሄገን ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት ስንት ሰዓት ወጡ?»

«በዘጠኝ። ከምሽቱ አስራ ሁለት ጀምሮ ዓሣ ጥብስ ቤት ነበርኩ፤ ሃያ ሰው ይመሰክራል። ጠዋት ጠርተውኝ መጣሁ። ሬሳው ገና አልቀዘቀዘም ሲሉኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ናሙናዎቹ እንዳይበላሹ ሳጅኑን አስፈቅጄ ማቀዝቀዣዎቹን አየሁ።»

ደም የምትለካው ሎሬይን ዚየሊንስካ ነች። እሷም ስታለቅስ ነበር፤ አንደበቷ ግን አልታሰረም።

«እዚህ የምትለኩት ሲአርፒ የሚባለውን የደም ፕሮቲን ነው አይደል?» አለች ማርሊስ። «እኔንም በየስድስት ወሩ ይወጉኛል።»

«እሱ ነው። ሄገን የልብ ቧንቧ መጥበብን ለይቶ ያሳያል ብሎ ስም ያወጣበት። ኦርቪል ግን ‹ሰውነት ተቆጥቷል ብሎ ይጮኻል እንጂ የት እንደሆነ አያውቅም፤ ቁስልም ቢሆን ይጮኻል› ይል ነበር። ሰኞ የሄገንን ጥናት ሊያስሰርዝ ነበር።»

«ለማወዳደሪያ የጤነኛ ሰው ደም ከየት ታመጣላችሁ?»

«ከራሳችን። ትናንት ጠዋት የኦርቪል ተራ ነበር።» ማቀዝቀዣውን ከፍታ ደነገጠች። «በአስር ሰዓት ተሰናብቼው ስወጣ እዚህ ነበረች! የደሙን ብልቃጥ ማን ወሰዳት?» ትንሽ አሰብ አድርጋ ተነፈሰች። «ግድ የለም። እኔ ሁሉን ለሁለት ነው የምከፍለው፤ ሌላዋ ምድር ቤት አለች። አለቆቹ አያውቁም፤ ቢያውቁ ቦታ አባከንሽ ብለው ቁም ስቅሌን ባሳዩኝ ነበር።»

ማርሊስ ሁለተኛዋን ብልቃጥና ከሬሳው የተቀዳውን ደም ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ላከች። ከቀትር በኋላ ሦስቱንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«በኦርቪል ደም ውስጥ ያለው ሲአርፒ ትናንት ጠዋት ከአንድ በታች ነበር» አለች። «ዛሬ አርባ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሲመታ ይህ ነገር ወዲያው ከፍ አይልም። ስንት ሰዓት ይፈጅበታል፣ ሎሬይን?»

«ለመጀመር ብቻ ስድስት ሰዓት። እዚህ ለመድረስ አስራ ሁለት ያህል።» ሎሬይን አፏን በእጇ ከደነች። «አምላኬ! እዚያ ውስጥ በሕይወት አድሯል ማለት ነው?»

«አድሯል። የተመታው ትናንት ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ አስራ ሁለት ግድም በፊት ነው። የመግቢያው ካሜራ እንደሚያሳየው ሮስኮ ዓርብ እዚህ አልገባም። ማን ወጣ የሚለውን ግን ካሜራው አያይም፤ በዘጠኝ ወጣሁ የሚል ሰው ቃሉ ብቻ ነው ያለው።»

«ጉንፋን ይዞት ይሆናል!» አለ ሄገን።

«ታዲያ ብልቃጧን መስረቅ ምን አመጣው? ሮስኮ ብልቃጧ ምን እንደምትናገር አያውቅም። ሎሬይን ብትሆን ሁለቱንም ታጠፋ ነበር። አንዷን ብቻ ያጠፋው ምስጢሯን የሚያውቅ፣ ለዓመታት ግን ብልቃጥ ያልነካ አለቃ ነው። ሌሊቱን በሕይወት ማደሩ የገባህ ሬሳው ትኩስ ነው ሲሉህ ነው። ሮስኮ ተይዟል፤ የሚያጋልጥህ የሟቹ ደም ብቻ ነው፤ ማቀዝቀዣ ላይ ብለህ ብልቃጧን አጠፋህ።» አንቱታውን እዚያው ላይ ነፍጋዋለች።

«የሞተ መስሎኝ ነው የቆለፍኩበት!» አለ ሄገን፤ ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የነቃው።

«አንተ ዓሣህን ስትበላ እሱ በር ይቧጭር ነበር። አንድ ጊዜ ብትደውል ይተርፍ ነበር።»

ሄገን ተስፈንጥሮ የሎሬይንን ጉሮሮ አነቀ። «አንቺ ደደብ! ማን ለሁለት ክፈይ አለሽ?» ራሷን ከግድግዳው ጋር አላተማት። ሮስኮ ካቴናው እንዳለ በሁለት እጁ መንጋጋውን መታው፤ ሄገን ጥርሱን ከደም ጋር ተፍቶ ወደቀ።

ሳጅኑ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ከሮስኮ ፈታና ለሄገን አጠለቀለት። ሮስኮ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። እጁ ላይ የደረቀውን የኦርቪል ደም ሲያይ ቆየና ማርሊስን ቀና ብሎ ተመለከታት።

«አሁንስ እጄን ልታጠብ?» አለ።